ጎታ ውስጥ የከረመ ዋንጫ

በትውልድ ቀበሌዬ እኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ደደብ መሆኔን ያውቃል። ድሮ ድሮ ይህ ነገር ያበግነኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ የመኪና መንገዱን ትታችሁ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ብትሄዱና ስለ እኔ ብትጠይቁ፣ ያገኛችሁት ሰው ከንፈሩን መጥጦ "ምስኪን፣ ትምህርት እንኳ አልሆነላትም" ይላችኋል። ይህን ወሬ የነዛብኝ ጠላት አይደለም። እናቴ ናት።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንድሜ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለ በወላጆች ቀን ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ተሸለመ፤ አንድ ደርዘን ደብተርና የብረት ክዳን ያላት ጥቁር ብዕር ሰጡት። እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ቀን የማስታውሰው እልልታውን ብቻ ነው፤ ሌላውን ኋላ ሲወራ ነው የሰማሁ። አጠገባችን የቆመችው ጎረቤታችን፣ ያኔም ዛሬም እትዬ የምላት፣ "እንዲህ ያለ ልጅስ ከዚህ አገር አይቀርም" አለች። ደግ ሴት ናት፤ ከልቧ ነው ያለችው። ግን እትፍ እትፍ አላለችም። እኛ ዘንድ የሰው ልጅ ሲደነቅ ዓይን እንዳይበላው እትፍ ይባልበታል። በሳምንቱ ወንድሜን ትኩሳት ያዘው። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው።

እኔ ተስቦ ነው እላለሁ። በዚያ ክረምት ከወንዙ የጠጡ ሌሎች ልጆችም ታመው ነበርና። እናቴ ግን ልጇን በአደባባይ ሸልመው፣ በአደባባይ አድንቀው እንደወሰዱባት ነበር የምታውቀው። እትዬን አንድ ቀን በክፉ አንስታት አታውቅም፤ እሳት ይጫጫራሉ፣ ወንፊት ይዋዋሳሉ። የፈራችው የአንዲት ሴት ዓይን ሳይሆን ዓይን የሚባለውን ሁሉ ነው። አባቴ ከዚያ ቀደም ብሎ ሞቷል። የቀረሁላት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ እኔን ማንም እንዳያደንቀኝ አድርጋ ልታሳድገኝ ቆረጠች።

አንደኛ ክፍልን ስጨርስ አንደኛ ወጣሁ። ካርዴን ይዤ እየሮጥሁ ቤት ስገባ እትዬ ከእናቴ ጋር ተቀምጣለች። እናቴ ካርዱን ከእጄ ላጥ አድርጋ መቀነቷ ውስጥ ወሸቀችውና "ከኋላ ሁለተኛ ወጣች። ምን ላድርጋት፣ ጭንቅላቷ ድንጋይ ነው" አለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ፊቴን አይታ ምን እንዳመጣሁ አውቃለች። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እትዬ "አይዞሽ ልጄ፣ ለከርሞ ይሻላል" ብላ አንድ ጭብጥ ቆሎ ሰጠችኝ።

እንዲህ ሆኜ አደግሁ፤ ትምህርት ቤት አንደኛ፣ ሰፈር ውስጥ የመጨረሻ። በወላጆች ቀን እናቴ ከቤት አታስወጣኝም፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቆሎዬን እየተቀበልሁ አለቅሳለሁ። ልጆቹ አንደኛ ናት ይላሉ የሚል፣ ወይም ታዲያ እንዴት ከክፍል ክፍል ታልፋለች የሚል ከመጣ እናቴ መልስ አታጣም፤ "መምህሩ አዝኖላት ነው" ትላለች። ሰው ባለበት አንዴም አሞግሳኝ አታውቅም። ሰው በሌለበትም ያው ነው። ለጎረቤት በሬ "ሸጋ በሬ ነው" ትላለች፤ ለገብሱ "ዘንድሮስ ሸጋ አፍርቷል" ትላለች። እኔ ላይ ስትደርስ ይህች ቃል ከአፏ ትጠፋለች። ይህችን ቃል ከእሷ አፍ ለመስማት ስንት ሌሊት እንዳጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ጎንደር ስገባ ደግሞ "ሰው ቤት ተቀጠረች" ብላ አስወራች። እኔ ግቢ ውስጥ ስታትስቲክስ እማራለሁ፤ ሰፈሬ ውስጥ የሰው ሳህን አጥባለሁ። ለበዓል ስሄድ ሴቶቹ እጄን ገልበጥ አድርገው እያዩ "አሠሪዎችሽ ደጎች ናቸው መሰል፣ እጅሽ አልሻከረም" ይሉኛል። አንድ ጊዜ ብቻ "እምዬ፣ ቢያንስ ትማራለች በይ" ብዬ ተለማመጥኋት። "ሰው ያልሰማውን አይመኝም" አለችኝ። ነገሩ በዚያው አበቃ።

ልመረቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልሁ ነው የገባሁ። ከሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ከተመራቂው ሁሉ የበለጠ ነጥብ ያለኝ እኔ እንደሆንሁ፣ በምረቃው ዕለት ሜዳሊያና ዋንጫ እንደምሸለም፣ ከፈለግሁም ለመምህርነት እንደሚያስቀሩኝ ነገረኝና ሁለት የጥሪ ካርድ ሰጠኝ። ካርዶቹ ዳር ዳራቸው ወርቃማ ነበር። ከቢሮው ወጥቼ ዛፍ ሥር ቆምሁ፤ የምነግረው ሰው አሰብሁ፣ አሰብሁና እንባዬ መጣ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

እናቴ ሰፌድ ይዛ ስንዴ ስታነፍስ ደረስሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀመጥሁና ነገሩን ሁሉ በዝግታ ነገርኋት። ስትሰማኝ ሰፌዱን አላቆመችም።

"ስንት ሰው አለ?" አለችኝ።

"ብዙ ነው እምዬ። በሺህ የሚቆጠር።"

"ስምሽን ጮኸው ይጠሩታል?"

"በማይክሮፎን ነው የሚጠሩት።"

"እልል ይባላል?"

"ይባላል እንጂ።"

ሰፌዱን አስቀመጠች። "አልመጣም። አንቺም ብትቀሪ ይሻላል።"

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች እንዲሉ፣ ስለ ተስቦ፣ ስለ ወንዝ ውሃ፣ አጋጣሚ ስለሚባለው ነገር ሳስረዳት ዋልሁ። ሦስት ዓመት የተማርሁት ያንኑ አይደል። መጨረሻ ላይ "የወንድምሽ ቀን እኔ ነበርሁ እልል ያልሁት። ከሁሉ ቀድሜ" አለች። ይህን ከዚያ በፊት አልነገረችኝም። እኔ ግን ያን ጊዜ ጆሮዬ ለሌላ ነገር አልተከፈተም፤ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም ብቻ ነበር የምጠይቃት። ካርዱን ጭኗ ላይ እንደተወሁት ተነስቼ ወጣሁ።

እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ትመጣለች ብዬ ነበር። እናት አይደለች? ሐምሌ ነበር፤ ጎንደር ከሌሊት ጀምሮ ሲዘንብባት አድሯል። የዶርም ጓደኛዬ ቤተሰቦች ከኮላ ድባ ሚኒባስ ተከራይተው አሥራ አንድ ሆነው መጡ። አያቷ ሳይቀሩ ተሸክመዋቸው መጥተዋል። እኔ በሩ ላይ ጋዋኔን ለብሼ፣ የሚገባውን ባለነጠላ ሁሉ ፊት ፊቱን እያየሁ ቆምሁ። ከኋላ ሲያዩዋት እናቴን የምትመስል ስንት ሴት አለች መሰላችሁ። ሁለተኛው ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰልፉ ሲጀመር አበባ ለምትሸጥ ልጅ ሰጠኋት።

በዚያ ዓመት አዘጋጆቹ አንድ ነገር አስበዋል። ተሸላሚው መድረክ ላይ ሲወጣ ወላጆቹ ካሉበት እንዲነሱና እንዲጨበጨብላቸው። መልካም አስበው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ከእኔ በፊት የተጠራው ልጅ አባት ጋቢያቸውን አስተካክለው ዱላቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆሙ፤ ሰዉ በጭብጨባ አበደ። ቀጥሎ የእኔ ስም ተጠራ። የክብር እንግዳው ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ፣ ዋንጫውን አስታቀፈኝ። አስተዋዋቂው "የተሸላሚዋ ወላጆች፣ እባካችሁ ተነሱልን" አለ።

ሰዉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እየዞረ ፈለገ። እኔም ፈለግሁ። ጃንጥላዎቹ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ማንም አልተነሳም። አስተዋዋቂው ደገመ። ከዚያ "ወላጆቿ አልመጡም መሰለኝ፤ እንቀጥላለን" አለ፣ ማይክሮፎኑን እንኳ ከአፉ ሳያርቅ። ሰዉ አዝኖልኝ ነው መሰል አጨበጨበ። የሐዘን ጭብጨባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። በሕይወቴ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሲያልቅ የጓደኛዬ አባት "ነይ ልጄ፣ አንቺም የኛ ነሽ" ብለው ፎቶ ውስጥ አስገቡኝ። ዋንጫውን "ከበደሽ፣ እኔ ልያዝልሽ" ብለው ተቀበሉኝ። የምረቃዬ ፎቶ ያቺ ብቻ ናት፤ ኮላ ድባ ውስጥ እኔ ገብቼበት በማላውቀው ሳሎን ተሰቅላለች። መሃል ላይ ዋንጫዬን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ዳር ላይ ግማሽ ትከሻዬ ተቆርጧል። እንግዳ መጥቶ "ይቺ ደግሞ ማናት?" ሲል ምን ብለው እንደሚመልሱ እንጃ።

ሰው ሁሉ ገበያ የሚወጣበትን ቀን ጠብቄ ወደ ቤት ሄድሁ። ይህን እንኳ እሷ ሳትነግረኝ ነው ያሰብሁት፤ ልጇ አይደለሁ። ዋንጫውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ በጉልበቴ መሃል ይዤ በአውቶቡስ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ "ምንድን ነው ልጄ?" ቢሉኝ "ድስት ነው አያ" አልኋቸው።

እናቴን ሳምኋትና በሩን ዘጋችው። ጆንያውን ፈትቼ ዋንጫውን ወለሉ ላይ አቆምሁት። ብዙ አላየችውም፤ ጎንበስ ብላ እትፍ እትፍ እትፍ አለችበት። ከዚያ "ስምሽ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። ጣቷን ይዤ ፊደሎቹ ላይ አስቀመጥሁት። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አሁን ትለኛለች፣ አሁን ሸጋ ትለኛለች ብዬ አፏን አፏን አየሁ።

"ቤቶች!" አለች እትዬ ከደጅ። ከገበያ በጊዜ ተመልሳ ነው።

እናቴ ዋንጫውን አፈፍ አድርጋ ጓዳ ሮጠች። የጎታውን ክዳን ስታነሳ፣ እጇን እስከ ብብቷ ስንዴው ውስጥ ስትከት አየኋት። ወለሉ ላይ ስንዴ ፈሰሰ። መለስ ብላ በሩን ከፈተች።

"መጣች እንዴ?" አለች እትዬ።

"መጣች። አሰናበቷት።"

"ውይ፣ ምነው?"

"ምን አውቃለሁ፣ አልሆነችላቸውም። ያዘዟትን ትረሳለች። ጭንቅላቷ ድንጋይ ነው አላልሁሽም?"

እትዬ አቀፈችኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ሌላ ቤት አይጠፋም" ብላ ከገበያ ከገዛችው ሙዝ ሁለት ገንጥላ በእጄ አስያዘችኝ። ሙዙን ይዤ ቆምሁ። አንገቴ ላይ፣ ከሹራቤ ሥር፣ ሜዳሊያው አለ።

እትዬ ስትወጣ ጠብቄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያልተናገርሁትን ተናገርሁ። ሁሉን አልደግመውም። መጨረሻ ላይ ያልሁትን ግን እደግመዋለሁ፣ አንድ ቀን አልረሳሁትምና። "ዓይን አይደለም የሚበላኝ፤ የበላሽኝ አንቺ ነሽ" አልኋት። እናቴ ተንበርክካ የፈሰሰውን ስንዴ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። በማግስቱ ጎንደር ተመለስሁ። ዋንጫውን አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልሰጠችኝም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አለፈ። ዩኒቨርሲቲው አስቀርቶኝ አስተማሪ ሆንሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ሠራሁ። አብረውኝ የተመረቁት ጓደኞቼ በየአገሩ ተበተኑ፤ ግቢው ውስጥ የማውቃቸው ጥበቃዎቹና ዛፎቹ ብቻ ሆኑ። ተከራይቼ በምኖርበት አንድ ክፍል ቤት ሜዳሊያውን ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። ከእኔ በቀር የሚያየው ስለሌለ አወረድሁት። ቀበሌያችን ውስጥ ግን "ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ታጸዳለች" ተብሎልኛል፤ እድገት ነው። ቀዬው ድረስ ስልክ ሲገባ ሞባይል ገዛሁላት። ስደውልላትም ሥራዬን አንስቼ ወሬ ልጀምር ስል "ተይ፣ ስልክም ጆሮ አለው" ትላለች። በልተሻል? በልቻለሁ። ዘነበ? ዘነበ። ወሬያችን ይኸው ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ስንቴ አስቤያለሁ። ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ነገሩ መነሳት አለበት፤ ነገሩ ደግሞ የሚነሳ አልነበረም። ቀስ በቀስ የምሄደውም ለፋሲካ ብቻ ሆነ።

ጥቅምት ላይ ሞተች። ሦስት ቀን ነው የታመመችው። ደርሼ አላገኘኋትም።

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ በየተራ እያቀፉኝ አለቀሱ። ለእሷ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ በጎን የሚያለቅሱት ለእኔ ነው። "አንድ ያላትን ልጅ ወግ ሳታይ" ይላሉ። "ይቺን ምስኪን ለማን ትተሽ" ይላሉ። እኔ እንባ አልወጣኝም። "ደረቅ ናት፣ ድሮም" ስትል አንዷ ሰማኋት። እውነቷን ነው። ከሞተችው ጋር ሳልታረቅ የቀረሁ ሰው ነኝና በምን አፌ ላልቅስ ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ለንፍሮ የሚሆን ስንዴ አለቀና እትዬ "ከጎታው ይቀዳ" ስትል ሰማሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። "እኔ እቀዳለሁ" ብዬ ቁናውን ከአንዷ ሴት እጅ ነጥቄ ጓዳ ገባሁ። ክዳኑን አንስቼ እጄን ወደ ታች ሰደድሁ። በየዓመቱ አዲሱን እህል ስትጨምር እያወጣች መልሳ ትቀብረው ኖሯል፤ ያለዚያ ከታች ይገኝ ነበር። ክንዴ እስከ ክርኔ ሳይገባ ነካሁት። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከስንዴው ገለጥ አድርጌ ሳየው የበዓል ነጠላዋ ነው፤ "ምነው አትለብሺውም?" ስላት "ጠፋብኝ" ያለችኝ። ነጠላውን ፈታ አድርጌ ዋንጫው ውስጥ እጄን ብሰድ ቀጭን ነገር አገኘሁ። የብረት ክዳን ያላት ጥቁር ብዕር ናት። ከወንድሜ ጋር የተቀበረች ይመስለኝ ነበር።

ጎታው ላይ እንደተደገፍሁ ቀረሁ። እኔ መድረኩ ላይ ብቻዬን የቆምሁት አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ለራሴ ሳዝን ኖርሁ። እሷ ሁለቱንም ልጆቿን አንድ ላይ ጠቅልላ፣ ሰው "ልጅሽ አልሆነላትም" ሲላት አሜን እያለች፣ ደስ ሲላት እንኳ የምትነግረው አንድ ሰው ሳይኖራት፣ ከጎታ ጋር ነው የኖረች። በዚህ ቀበሌ ውስጥ እኔ ማን እንደሆንሁ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። አሁን እሷም የለችም። ያኔ እንባዬ መጣ፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

እትዬ ገባች። አርጅታለች፤ ለማየት ዓይኗን ታጠብባለች። ክንዴ ገና ስንዴው ውስጥ ነው፤ ጣቶቼ የዋንጫውን ጆሮ ይዘዋል።

"አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አለችኝ። ጀርባዬን እየደባበሰች "ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ" አለች። "አምባ ጊዮርጊስ የማታ ትምህርት ተከፍቷል። የልጄ ሚስት ሁለት ወልዳ እየተማረች ነው። አንቺስ ምን ይጎድልሻል? እናትሽ እንደተቃጠለችብሽ ነው የሞተች። አሁንም ቢሆን አልመሸም።"

ጎንደር ጠረጴዛዬ ላይ ያላረምሁት የስልሳ ተማሪ ፈተና ተቀምጧል። የመምህርነት መታወቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እሱም ይቅር፤ ክንዴን ወደ ላይ ባነሳ በቂ ነበር። እትዬ እልል ትል ነበር። ድንኳኑ ሁሉ ይሰማ ነበር። የፈለግሁት እኮ ይኸው ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የፈለግሁት።

ጣቶቼን ከዋንጫው ላይ አላቀቅሁ። ስንዴው በላዩ ላይ ሲመለስ በእጄ ተሰማኝ። ብዕሯን ብቻ እጅጌዬ ውስጥ ከተትኋት።

"እኔ እንኳ አይገባኝም እትዬ" አልኋት። "ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው።"

"አይዞሽ" አለችኝ እንደ ድሮው፤ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ቁናውን ሞልቼ ሰጠኋትና ክዳኑን ገጠምሁ። እናቴ ብትሰማኝ ኖሮ ሸጋ ትለኝ ነበር።